ግድግዳው የወደቀበት ሳምንት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሐርጌሳ የሸሸ ሰው ፍራሹንና ድስቱን በግመልና በመኪና ጭኖ ወደ እኛ መጉረፍ በጀመረበት ዓመት ነው። እኔ ያኔ ጅግጅጋ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። የተወለድኩት አሰላ ነው፤ መንግሥት መድቦኝ መጣሁና ከተማዋን ለመድኳት። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የሰውን ድምፅ ከሰው ሳገናኝ እውላለሁ። እናት ድሬዳዋ ያለ ልጇን ታገኛለች፣ ነጋዴው ከሐረር ደንበኛው ጋር ይጨቃጨቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ መስመሩ ከተገናኘለት በኋላ መናገር አቅቶት ዝም ብሎ ይተነፍሳል። እኔ ግን የምደውልበት ቁጥር አልነበረኝም።

ባለቤቴ ደምሴ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር። ክፍሉ ከጅግጅጋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ ማለዳ በራችን ላይ ቆሞ «ትርንጎ፣ ከዚህ ቤት እንዳትለቂ። ስመለስ የትም ሳልዞር በቀጥታ የምመጣው እዚህ ነው» አለኝ። መጀመሪያ ደብዳቤው ቶሎ ቶሎ ይደርሰኝ ነበር። ከዚያ እየራቀ ሄደ፤ በመጨረሻም ቆመ። ጦር ሰፈሩ ሄጄ ስጠይቅ «ጠብቂ» ይሉኛል። ወሬው ደብረ ሲና ሲደርስ እናቱ እማማ ብዙነሽ ያላቸውን በአንዲት ከረጢት ቋጥረው፣ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየቀያየሩ እኔ ዘንድ መጡ። «ልጄ የሚመጣበት ቤት ውስጥ ሆኜ ልጠብቀው» አሉ። እንዲህ ሆነን፣ ሁለት ሴቶች አንድ ሰው እየጠበቅን እንኖር ነበር።

ቤቱ ከገበያው ጀርባ ያለ የቀበሌ ቤት ነው። በድንጋይና በጭቃ የታነጸ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ሁለት ክፍል ያለው። ትርፍ ቤት ተብለው ከተወረሱት አንዱ ይመስለን ነበር፤ ከእኛ በፊት የማን እንደነበረ ግን ጠይቀን አናውቅም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር።

በመንገድ በኩል ያለው የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ከማዕዘኑ ጀምሮ የተሰነጠቀ ነው። ስንገባም ስንጥቁ ነበረ፤ ያኔ ግን ጣት እንኳ አያስገባም። ደምሴ እያለ ጭቃ አቡክቶ ይመርገው ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ በየዝናቡ እየሰፋ፣ ግድግዳውም ወደ ውስጥ እየተነፋ መጣ። በኋላማ መንገደኛ ሲያልፍ ጥላው በስንጥቁ ይታየኝ ጀመር።

ቀበሌ ሄድኩ። የቤቶች ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ታደለ ይባላል። ክፉ ቃል አይወጣውም፤ ወንበር ይሰጣል፣ በጥሞና ያዳምጣል። ከዚያ «ጓዲት ትርንጎ፣ በዕቅድ ተይዟል» ይላል። በዕቅድ የተያዘ ነገር እንደተያዘ ይቀራል። ዝናብ ሊገባ ሲል እሄዳለሁ፣ ዝናብ ሲወጣ እሄዳለሁ፤ መልሱ ያው ነው። አንድ ቀን «እንግዲያው እኔው ላሠራው» አልኩት። «የመንግሥት ቤት ያለ ፈቃድ መነካካት ያስጠይቃል» አለኝ። «ፈቃዱን ስጠኛ» ስለው ፈቃዱም በዕቅድ ተይዟል።

ቆይቶ ነው የልቡን የነገረኝ። «ለምን አትለቁልንም? ወደ ቀብሪበያ መውጫው ላይ አንድ ክፍል እንሰጣችኋለን። ይህንን ለኅብረት ሱቁ መጋዘን እናደርገዋለን።»

«ባለቤቴ ሲመጣስ?» አልኩት።

«ጠይቆ ያገኝሻላ።»

ይህን ለእማማ ስነግራቸው አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በውጊያ የደከመ ሰው በር ለበር እየጠየቀ ይዙር? አይሆንም» አሉ። አልጋቸው ደግሞ ከዚያው ከተሰነጠቀው ግድግዳ ሥር ነው። ወደ ሌላው ክፍል እናዛውረው ብላቸው እንቢ አሉኝ። በመንገዱ የሚያልፈውን ኮቴ የሚሰሙት እዚያ ጋደም ሲሉ ነው። የወታደር ጫማ ድምፅ ሲመጣ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ፤ ኮቴው ሲያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

በዚያ ሰሞን አንዲት ወተት ሻጭ ወደ ሰፈራችን ትመጣ ነበር። ስሟ ሃዋ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ» ይላታል፣ አክስት እንደማለት። ከቱሊ ጉሌድ ነው የመጣሁት ትላለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዕድሜዋ ከእማማ የሚስተካከል ሴት ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ግን «አንቱ» የሚባል ነገር አታውቅም፤ እማማንም «አንቺ» ትላቸዋለች። እማማ ደግሞ ወተቱን በተቀበሉ ቁጥር «የግመል እንዳይሆን» ይሏታል። «የላም ነው፣ ወላሂ» ትላለች። በማግስቱም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ኤዶ ወተቱን ቀድታ ስትጨርስ ቶሎ አትሄድም። በሩ ላይ ቆማ ግቢውን ትቃኛለች። ግቢ ብላት ግን ገብታ አታውቅም።

ማክሰኞ ነው። ከማለዳው ጀምሮ የጣለው ዝናብ ወደ ቀትር አካባቢ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ከሥራ ለምሳ መጥቼ ማድ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። እማማ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። ከውጭ «ዓኖ፣ ወተት» የሚለው የኤዶ ድምፅ ተሰማ። ሁልጊዜ የምወጣው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን እጄ ተይዞ ስለነበር «እማማ፣ እባክዎ ይቀበሉልኝ» አልኳቸው። እያጉረመረሙ ተነሡ። ነጠላቸውን ሲፈልጉ፣ ጫማቸውን ሲጎትቱ ሰማሁ።

ከዚያ ቤቱ ተነፈሰ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ድምፅ፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ጭነት መኪና ድንጋይ ሲገለብጥ ዓይነት። ቢላዋውን ጥዬ ስሮጥ ክፍሉ በአቧራ ታፍኗል። አቧራው መሐል መንገዱ ይታያል፤ ግድግዳ የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ አለ። አልጋው የለም። ድንጋይ ክምር ነው።

«እማማ» አልኩ። መልስ የለም። በጉልበቴ ተንበርክኬ ድንጋዩን በእጄ መገልበጥ ጀመርኩ። ጥፍሬ ሲነቀል አልታወቀኝም። አንዱን ስወረውር ሌላው ይንከባለላል። የብርድ ልብሳቸው ጫፍ ሲወጣ ይዤ ሳብኩት። ለደምሴ ምን እለዋለሁ፣ እናትህን ግድግዳ በላቸው እለዋለሁ ወይ እያልኩ ነው የምቆፍረው።

ከኋላዬ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ዞር ስል እማማ ቆመዋል። በሌላው እጃቸው ወተት የተቀዳበት ማሰሮ ይዘዋል፤ ጠብታ አልፈሰሳቸውም። «ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?» አሉኝ። በሩ ደርሰው፣ የግመል እንዳይሆን ብለው እየጠየቁ ሳሉ ነው የወደቀው። እግራቸውን አቅፌ አለቀስኩ።

ኤዶ የዚያን ጊዜ ገባች። በራችን ዝቅተኛ ነው፤ አዲስ ሰው ሁሉ ግንባሩን ከጉበኑ ሳያጋጭ ገብቶ አያውቅም። እሷ ግን ቀና ብላ ሳታይ፣ እንደዘበት አንገቷን ሰበር አድርጋ አለፈች። ቀጥታ ወደ ፈረሰው ማዕዘን ሄዳ ቁጢጥ አለች። አንድ ድንጋይ አንሥታ ጭቃውን በመዳፏ ጠረገች፤ ከዚያ የራስ ሻሿን፣ ጋርባሳሯን፣ ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች።

እማማ አጠገቧ ተቀመጡ። «ምን ሆነሻል እህቴ? እኛ እኮ ተርፈናል» አሏት።

«ይህን ያቆመው ባሌ ነው» አለች ኤዶ ከጋርባሳሯ ውስጥ። «ድንጋዩን ከተራራው በአህያ ያመላለሰው ራሱ ነው። ልጆቼን እዚህ ነው የወለድኩት፣ አልጋሽ የነበረበት ቦታ።»

እሷ ቀስ እያለች ነገረችን። ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው ከሁለት ቤታችሁ አንዱን ምረጡ ሲላቸው ይህንን መርጠው ሌላውን ሰጡ። ኋላ ጦርነት ጅግጅጋ በደረሰ ጊዜ አንድ የመድፍ ጥይት መንገዱ ላይ ወድቆ ይህ ማዕዘን ተሰነጠቀ። ባልዬው በማግስቱ ጭቃ አቡክቶ መረገው። ጦርነቱ ሲገለባበጥ ግን ሰዉ ሁሉ ሲሸሽ እነሱም ሸሹ፤ ባዶ የቀረውን ቤትም ቀበሌው ያዘው። ሐርጌሳ ላይ ሱቅ ከፍተው ኖሩ። ባሏ እዚያ ታሞ ሞተ። ሐርጌሳም በተራዋ ስትቃጠል ልጆቿ በየፊናቸው ተበተኑ፤ እሷ ወደዚህ መጣች።

«ቱሊ ጉሌድ እህት አለችኝ፣ በሷ ቤት ተመዝግቤ ነው የምኖረው» አለች። «ወተቱን ሌላ ሰፈርም መሸጥ እችል ነበር። እዚህ የምመጣው ለማየት ነው። በየቀኑ አይና እመለሳለሁ። አላህ ይይላችሁ፣ ለማንም እንዳትነግሩብኝ።»

እማማ የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ፊቷ ላይ ያለውን አቧራ ጠረጉላት።

ጓድ ታደለ ወደ ማታ ግድም ከሁለት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ፍርስራሹን ዞሮ አየ፤ ደምሴ ከቤቱ ጋር አያይዞ የሠራልኝን የቆርቆሮ ማድ ቤትም አየ። «ይህን ማድ ቤት በማን ፈቃድ ነው የሠራችሁት?» አለኝ።

«ይህ እኮ የቆየ ነው፤ ብዙ ጊዜ መጥተህ አይተኸዋል።»

«ግድግዳውን ስቦ የጣለው እሱ ነው። በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት አድርሳችኋል። ቤቱን በሳምንት ውስጥ ለቃችሁ ቁልፉን ታስረክባላችሁ።»

ስንት ዘመን በትሕትና የለመንኩት ሰው ነው። እሱ ሲወጣ እማማ «ልብስሽን አራግፊና ምሳሽን ብይ፤ ከቀትር ጀምሮ አልበላሽም» አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ ላይ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ስቀመጥ፣ የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ሙሉጌታ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው ቀደም ሲል ሌላ ከተማ የቀበሌ ሸንጎ ዳኛ ነበሩ። አዳምጠው ሲያበቁ «አንቺ ቀበሌን እንደ መንግሥት ነው የምታዪው» አሉኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በዚህ ጉዳይ አከራይሽ ነው። ኪራይ የሚቀበል እጅ ቤቱንም ይጠግናል፤ ደንቡ እንዲህ ይላል። አላድስም ካለ ወይ በጥፋትሽ ነው ካለ፣ የቀበሌው የፍርድ ሸንጎ አለልሽ። ክሰሻቸው።»

«ቀበሌን ለቀበሌ?»

«ዳኞቹን የመረጣቸው ነዋሪው ነው። ግን ስንጥቁ ከእናንተ በፊት እንደነበረ የሚመሰክር ሰው ያስፈልግሻል።»

ያን ዕለት ከሰዓት ጎረቤቶቼን ዞርኩ። አንዱ ከእኛ በኋላ የመጣ ነው። ሌላዋ «ልጄ ለሥራ ማመልከቻ አስገብቶ የቀበሌ ድጋፍ እየጠበቀ ነው፣ አታስገቢኝ» አለችኝ። ሌላው ስንጥቁን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም አለ፤ በየቀኑ ግን ከሥሩ ጥላ ፈልጎ የሚቀመጥ ሰው ነው። አልፈረድኩባቸውም። ቀበሌን መክሰስ በዚያ ዘመን ምን ስም እንደሚያሰጥ ሁላችንም እናውቃለን።

የቀረችው ኤዶ ናት። ወተት ይዛ ስትመጣ ጠየቅኳት። ጥያቄዬን ሳልጨርስ እጇን አነሣች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እኔ ከቱሊ ጉሌድ የመጣሁ ወተት ሻጭ ነኝ። ይህ ስሜ ነው። ሌላውን ስም ካወጣሁ ከየት መጣሽ፣ ማን ላከሽ፣ ቤት ልታስመልሺ ነው ወይ ይሉኛል። እስር ቤት የምችልበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።»

ልለምናት አፌን ስከፍት እማማ ከኋላዬ «ተያት» አሉኝ። «እሷም የምትጠብቃቸው ልጆች አሏት። ተያት።» ኤዶ ወተቱን ቀድታ ሄደች። የዚያን ቀን በሩ ላይ አልቆመችም። በማግስቱም አልመጣችም፤ ከዚያ በማግስቱም።

የፈረሰውን ቦታ ከሥራ በተዋስኩት ሸራ ጋርደን እንኖራለን። ነፋሱ ሲነሣ ሸራው እንደ ከበሮ ይመታል። እማማ አሁንም መኝታቸውን እዚያው አስነጥፈው «ይሻላል፣ ኮቴው አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል» ይላሉ። እኔ ግን ማክሰኞ ሳምንቱ ሲሞላ የት እንደምወድቅ ነው የማስበው። ምስክር ባይኖረኝም ክሴን አስገብቻለሁ።

ሸንጎው የተቀመጠው ቅዳሜ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ነው። ሰብሳቢው ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ አብዲ ናቸው። ቀኑን ሙሉ መኪናቸው ላይ አጎንብሰው የሚውሉ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። ግራና ቀኛቸው ሁለት ዳኞች አሉ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ቀበሌን የከሰሰች ሴት ለማየት ሰው ከሌላ ሰፈር ሳይቀር መጥቷል።

ተናገሪ ተባልኩ። ድምፄ ስልክ ላይ ካልሆነ ይጠፋብኛል። ቢሆንም ነገርኩ፤ ስንገባ ስንጥቁ እንደነበረ፣ ደምሴ ይመርገው እንደነበረ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ፣ እማማ በምን እንደተረፉ። ጓድ ታደለ ተነሣ። ማድ ቤቱን፣ ያለ ፈቃድ መሥራታችንን፣ ግድግዳውን መጣላችንን ተናገረ። «ስንረከበው ቤቱ ደህና ነበር። ዛሬ አገሪቱ በሁለት በኩል እየተዋጋች፣ አንዳንድ ግለሰቦች የራሳቸውን ጥፋት በሕዝብ ላይ መጫን ይፈልጋሉ» አለ። «አንዳንድ ግለሰቦች» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ጋሽ አብዲ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንጥቁ ከናንተ በፊት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አለሽ?»

«የለኝም» አልኩ።

«ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቅ አለ?» ብለው ሕዝቡን ጠየቁ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ሰብሳቢው ጠበቁ። ብዕራቸውን አነሡ። ሊጽፉ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ሲሉ ከኋላ፣ ከበሩ ዘንድ፣ «እኔ አውቃለሁ» የሚል ድምፅ መጣ።

ኤዶ ናት። ሰዉ መንገድ ከፈተላት። የወተት ዕቃዋን አልያዘችም፤ አዲስ የታጠበ ጋርባሳር ለብሳለች። ሄዳ ከዳኞቹ ፊት ቆመች።

«ስምሽ?»

«ሃዋ።»

«ስንጥቁን እንዴት አወቅሽው?»

«የመድፍ ጥይቱ የወደቀ ዕለት እቤት ነበርኩ። ባሌ ሲመርገው ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ያኔ ጅግጅጋን አታውቃትም።»

ጓድ ታደለ ከመቀመጫው ተነሣ። «ቆይ፣ አንቺ የቤቱ ምን ነሽ?»

«የቤቱ ባለቤት ነበርኩ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ጋሽ አብዲ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለ ጓድ ታደለ።

«ሐርጌሳ።»

«ገባኝ። ቤቱን ለማስመለስ ነው የመጣሽው።»

ኤዶ ዞር ብላ ቀጥ ብላ አየችው። «ቤቱ የመንግሥት ነው ብላችኋል። ይሁን። የመንግሥት ከሆነ መንግሥት ያድሰው። እኔ ቤቱን ስጡኝ አላልኩም። የምፈልገው እንዲቆም ብቻ ነው።»

ዳኞቹ ተነጋግረው ሲመለሱ ጋሽ አብዲ ቆመው አነበቡ። ኪራይ ተቀባዩ ቀበሌው ነው፤ ቤቱን የማደስ ግዴታም የሱ ነው። ስንጥቁ ከተከራዮቹ በፊት የነበረ መሆኑ ተመስክሯል፤ ተከራዮቹም በጊዜው አመልክተዋል። ስለዚህ ቀበሌው ሥራውን በሚመጣው ሳምንት ይጀምር፤ ተከራዮቹ ከቤቱ እንዳይነሡ።

ደስ ሊለኝ ሲል ሁለቱ ጠባቂዎች ኤዶን በግራና በቀኝ ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲወስዷት አየሁ።

በሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ እኔና እማማ። የዚያን ዕለት እንደተቀመጥኩት ያለ መቀመጥ አላውቅም። ከውስጥ አንድ ጊዜ የወንድ ድምፅ ይጮኻል፣ አንድ ጊዜ ፀጥ ይላል። ጋሽ አብዲ ገብተው ወጡ፤ ደግመው ገቡ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው መጥተው «ክፉ ነገር አላገኙባትም። ብዙ ተመላሽ አለ፣ እሷም አንዷ ናት። ግን ከቱሊ ጉሌድ ነኝ ብላ በሐሰት ስለተመዘገበች ዋስ ይፈልጋሉ፣ የምትኖርበትን ቤትም» አሉን።

እኔ ከመነሣቴ በፊት እማማ ተነሡ። ተከትያቸው ገባሁ። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አያቸው። «እርስዎ የማን ነዎት?»

«የወታደር እናት ነኝ» አሉ እማማ። «ልጄ ሰሜን ነው ያለው። እኔ ዋስ እሆናታለሁ።»

«ይህችን ሴት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቋት?»

«ሕይወቴን ካተረፈች ጀምሮ።»

ሰውዬው ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። «የምትኖረውስ የት ነው?»

«ከኛ ጋር» አሉ እማማ። እኔን አላማከሩኝም። ማማከርም አያስፈልጋቸውም ነበር።

ሲመሻሽ ሦስታችን ወደ ቤት ሄድን። በሩ ዘንድ ስንደርስ ኤዶ ቆመች። ማክሰኞ ዕለት በድንጋጤ ሮጣ የገባች ሴት አሁን ደጃፉ ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች። የምትጠብቀው ነገር ወዲያው አልገባኝም ነበር። ለካ ግቢ እስክላት ነው። «ግቢ ኤዶ» አልኳት። «ቢስሚላህ» ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ገባች።

ግንበኛው በሳምንቱ መጣ። ጓድ ታደለ ራሱ ቆሞ አሠራ፤ ከኔ ጋር ግን ከሰላምታ ሌላ አልተነጋገርንም። ኤዶ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር የድሮዎቹ ድንጋዮች እንዳይጣሉ እየለየች ትከምር ነበር፤ ያው ድንጋይ ወደዚያው ማዕዘን ተመለሰ።

ደምሴ አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን የተመለሰውን ወታደር ሁሉ ጠየቅኩ። አንዱ አየሁት አለ፣ ሌላው አላየሁትም አለ፤ ያየው ሰው የት እንዳየው ሊነግረኝ አልቻለም። እማማ ብዙነሽ እዚያው ጅግጅጋ ዐረፉ፤ ሲቀበሩ ኤዶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ስታለቅስላቸው ዋለች። እኔ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ተዛወርኩ። የቤቱ ኪራይ ወደ ኤዶ ስም ዞረ፤ በራሷ ቤት ተከራይ ሆና ኖረች። ከልጆቿ አንዷ ፈልጋ አገኘቻት። ሌሎቹን እስክትሞት ጠበቀቻቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ዛሬም ጣራው በሚያፈስስ፣ ግድግዳው በሚያዘምም የሰው ቤት ውስጥ ሆናችሁ «ትንሽ ጠብቁ» እየተባላችሁ ይሆናል። እኔ በዚያ ጊዜ ከጦር ሰፈሩም «ጠብቂ» እባላለሁ፤ ከቀበሌውም «ጠብቂ» እባላለሁ። ሁለቱ ቃላት አንድ መስለውኝ ነበር። ባሌን በጠበቅኩበት ልብ ግድግዳውንም ስጠብቀው ኖርኩ፤ ማጉረምረም ለፍቅሬ ያለመታመን መሰለኝ። ሰው ይጠበቃል። ሰውን መጠበቅ የሚያስነውር ነገር የለውም፤ ቢቀርም ባይቀርም። ግድግዳ ግን አይጠበቅም። የሚያድሰው ሰው አለ፤ ስሙ ይታወቃል፣ ኪራዩን ይቀበላል፣ መጠየቅ አለበት። ይህንን ለይቼ ያወቅሁት አልጋ ያህል ድንጋይ በእጄ ከገለበጥኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገባኝን ነገር አንገቴን ደፍቼ ለምኜ አላውቅም። የሚመሰክር ሰው ሲያስፈልግም፣ ለሌላው ሰው መነሣት ያለብኝ እኔ ብሆንስ ብዬ ወደ በሩ አያለሁ።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን ግድግዳው ካለቀ በኋላ የጣለው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። እሑድ ከሰዓት ነበር። ከሩቅ፣ ከካራማራ ተራራ በኩል ሲመጣ ሰማነው፤ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሦስታችንም ሳንነጋገር ግድግዳውን ማየት ጀመርን። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ኤዶ በመዳፏ ነካችው፣ ደረቅ ነው። ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ የልጆቿን ስም አንድ በአንድ ትጠራ ጀመር፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለእራት ከሜዳ እንደምትጠራቸው ዓይነት። ቀጥለው እማማ «ደምሴ» አሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ስሙን ጠራሁ።